አሳሹን ማን አሳለፈው?

አውስትራሊያዊው አለን ሙርሄድ ታሪክን እንደ ልብ ወለድ የማስነበብ ተሰጥኦ ነበረው። በ1962 ባሳተመው «ብሉ ናይል» (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀምስ ብሩስ ከዓባይ ምንጭ ሲደርስ፣ ናፖሊዮን ግብፅ ሲገባ፣ ናፒየር መቅደላን ሲይዝ እያየን ገጽ ስንገልጥ እናመሻለን። ቅሬታዬ ከአጻጻፉ ውበት ጋር አይደለም፤ የአሰሳ ታሪክ በጠቅላላው ከተለማመደው የታሪክ አወቃቀር ጋር ነው። የሚራመደው ሰው ባለታሪክ ይሆናል፣ መንገድ የከፈቱለት ግን ከተራራውና ከወንዙ ጋር ተደምረው መልክዓ ምድር ይሆናሉ። ራሱ ብሩስ ለዚህ ልማድ ጥሩ ምሳሌ ነው። በኅዳር 1770 ግሽ ዓባይ ሲደርስ ኢየሱሳዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ቦታውን እንዳየው መቀበል አልፈለገም። አብሮት ሲሥል ኖሮ ጎንደር ላይ የሞተው ጣሊያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒም በብሩስ አምስት ቅጽ ውስጥ የሚገባውን ቦታ አላገኘም። እንግዲህ የገዛ ጓደኛውን የዘነጋ ጸሐፊ ማደሪያ የሰጠውን ገበሬ ያስታውሳል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

እኔ የምለው የአሰሳ ታሪክ ከተጓዡ ይልቅ የአሳላፊው ታሪክ ነው፤ ማስረጃውም ሩቅ ሳንሄድ በተጓዦቹ በራሳቸው ማስታወሻ ውስጥ አለ። ይህን ለማየት ከመንዝና ከግሼ ደጋ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ውሃው በወንጪትና በጀማ በኩል ወደ ዓባይ የሚወርደው ይህ ደጋ በዓባይ አሳሾች ዝና ውስጥ ድርሻ የለውም። በ1842 የጸደይ መግቢያ ላይ ግን ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከሸዋ መናገሻ ከአንኮበር ተነሥቶ በመንዝና በግሼ አድርጎ ወደ ወሎ አለፈ። ሐሳቡ ጎንደር ገብቶ አዲሱን ጳጳስ አቡነ ሰላማን ማግኘት፣ ከዚያም ወደ ግብፅ መውረድ ነበር። በሸዋ ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ግዛት ውስጥ እስካለ ድረስ ብርዱና ዳገቱ ካልሆነ የከፋ ነገር አልገጠመውም፤ ከሹም ወደ ሹም እየተላለፈ፣ እያደረ ሄደ። ወሎ ከገባ በኋላ አዳራ ቢሌ የሚባለው ባላባት በመጀመሪያ በወግ ተቀበለው። ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ተዘግቶበት ሲመለስ ግን ይኸው አስተናጋጅ አስሮ ያለውን ሁሉ ገፈፈው። ክራፕፍ ምጽዋ የደረሰው ባዶ እጁን ነው። ሰውየው ያው ነው፣ እምነቱና ድፍረቱም አልተለወጠም። የተለወጠው የጠባቂው ቃል ነው። የአሳሹን ጀግንነት ብቻ የሚተርክ መጽሐፍ ይህን ለውጥ «መጥፎ ዕድል» ብሎ ከማለፍ ሌላ መንገድ የለውም። የሸዋ ንጉሥ ሥልጣን የት እንደሚያልቅ የሚጠይቅ የታሪክ ጸሐፊ ግን ከዚሁ ጉዞ ድንበር የሚያሳይ ካርታ ያወጣል።

እንግዳ የማሳለፉ አሠራርም የታወቀ ነበር። ቤተ መንግሥት የመጣ እንግዳ ባልደረባ ይመደብለታል፤ ጉዳዩን የሚያቀርብለትም፣ እንቅስቃሴውን የሚከታተለውም ይኸው ሰው ነው። እንጀራው፣ ጠጁ፣ በጉ በድርጎ ይመጣለታል። እንግዳው ካልተወደደ ድርጎው ይጓደላል፣ ከተቆረጠም መልእክቱ ግልጽ ነው። በ1841 የእንግሊዝን መልእክተኞች ይዞ የመጣው ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ በሦስት ቅጽ መጽሐፉ የይፋቱን ሹም ወላስማ መሐመድን በር ላይ እንዳጉላላው ሰው አድርጎ ያማርረዋል። ምሬቱን ገልብጠን ብናነበው ግን ወላስማው ሥራውን እየሠራ ነበር፤ ከባሕር የሚመጣውን ነጋዴና እንግዳ የሚቆጣጠረው ኬላ የእሱ ነውና። ንጉሡም ከሃሪስ ጋር በኅዳር 1841 ውል ተፈራረመ፣ ጠመንጃ ተቀበለ፣ በ1843 ደግሞ ከፈረንሳዩ ሮሼ ዴሪኩር ጋር ሌላ ውል አደረገ። አሰሳ ማለት ስለማያውቁት ሕዝብ መረጃ መሰብሰብ ከሆነ አንኮበር ላይ ማን ማንን ሲያስስ እንደነበር መናገር ያስቸግራል። ያንኑ ክራፕፍን ከምጽዋ ዞሮ በታጁራ በኩል ወደ ሸዋ ልመለስ ሲል የከለከለውም የዚሁ መንግሥት በር ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እነዚህ ሰዎች ባይጽፉ ኖሮ ስለዚያ ዘመን መንዝ ምን እናውቅ ነበር? እውነት ነው፣ ዜና መዋዕል ለንጉሥና ለዘመቻ እንጂ ለበግ ጠጉር ቦታ የለውም። ክራፕፍ ግን ሕዝቡ ለብርዱ ሲል ጥቁር የሱፍ ልብስ እንደሚለብስ ልብ ብሎ ጽፏል። ያ ልብስ ዛሬም ሴቶች ፈትለው ወንዶች ሸምነው የሚያወጡት የባናውና የዝተቱ ዘመድ ነው፤ ጥጥ በማይበቅልበት ደጋ የመንዝ በግ ሥጋ ብቻ ሳይሆን መደብርም ነው። ስለዚህ መጽሐፎቹን እንጣላቸው የሚል ሐሳብ የለኝም። ይልቁንም ባየው ነገር ላይ ጸሐፊውን እንመነው፣ ስለ ራሱ ሚና ሲናገር ግን እንጠርጥረው። ልዩነቱን መሥራት ያን ያህል አይከብድም፤ ከሃሪስ ጋር በአንድ ዘመን ሸዋ የነበረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ጆንስተን በ1844 ባሳተመው መጽሐፍ የአገሩን ልዑካን አያያዝ ተችቷል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው እውነቱን ባያገኝ እንኳ ማጋነኑን ይደርስበታል።

ሌላው ተቃውሞ የኔን ጥርጣሬ የዘመናዊ ጥናት መምጣት እንደሚሽረው የሚያስብ ነው። የቺካጎው ዶናልድ ሌቪን መንዝ ገብቶ ሽማግሌ ጠይቋል፤ ስለ ማማ፣ ላሎና ጌራ አመጣጥ የሚነገረውን፣ የሸዋን ሥርወ መንግሥት የመሠረተው ነጋሢ ከዚያው ምድር መነሣቱን፣ የርስትን ክብር በ1965 በወጣው «ሰምና ወርቅ» እና በሌሎች ጽሑፎቹ አስፍሯል። ይህ ከመንገደኛ ማስታወሻ በብዙ ይሻላል፤ ባለቤቱ እዚህ ላይ ቢያንስ ይናገራል። ቢሆንም በመጽሐፉ ውስጥ መንዝ የጥንት ወግ ማስቀመጫ ጎተራ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ። ነገሥታትን ወደ ይፋትና አንኮበር የላከ አገር ተዘግቶ ኖረ ማለት ይከብዳል። ሌቪን በ1974 «ትልቋ ኢትዮጵያ» በሚለው መጽሐፉ የሕዝቦችን መስተጋብር ዋና ጉዳይ ማድረጉን ሳይ የመጀመሪያው ምስል ጠባብ እንደነበረ የተረዳ ይመስለኛል።

ደግሞም ተጓዡ ሁልጊዜ ከአውሮፓ የመጣ አልነበረም። ከመርሐቤቴ ማዶ፣ ከጀማ ባሻገር ያለው የደብረ ሊባኖስ ገዳም በግራኝ ጦርነት ከተቃጠለ በኋላ ከመነኮሳቱ አንዱ አባ ተስፋ ጽዮን ሮም ገባ። በ1548 እና 1549 የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን አሳተመ። እሱንም ያሳለፉት ሰዎች ነበሩ፤ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባለው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ፣ ጳጳሱ ጳውሎስ ሣልሳዊ፣ ጣሊያናውያን ወዳጆቹ። በሥራው ስሕተት ቢገኝ አንባቢ እንዳይፈርድበት ሲጠይቅም ያቀረበው ምክንያት አታሚዎቹ ግዕዝ ማንበብ አለመቻላቸውን፣ እሱና ጓደኞቹም ማተም አለማወቃቸውን፣ አንዱ ሌላውን እየረዳ መሥራታቸውን ነው። ሃሪስ በሦስቱ ቅጽ ውስጥ ስለ ወላስማ መሐመድ እንዲህ ያለ ነገር አልጻፈም።