ጡረታ ወጣ እንጂ ከጨዋታ አልወጣም!

ዛሬ የከንፈር ወዳጅ ጭቅጭቅ፣ የ«ደወለልኝ አልደወለልኝም» ጣጣ የለም። ዛሬ የማወራችሁ በራችሁ ላይ ወንበር አውጥቶ ስለሚቀመጠው ሰውዬ ነው። አዎ፣ ስለ አባታችሁ!

የእኔው አባት የምድር ባቡር ሰው ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው ወርክሾፕ ውስጥ ብረት ሲፈታና ሲገጥም ነው። ድሬዳዋ እኮ ከተማ የሆነችው በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ስለደረሰ ነው፤ ስለዚህ ድሬ ላይ ባቡር ሥራ ብቻ አይደለም፣ ዘር ማንዘር ነው። ታዲያ አሮጌው ባቡር ቆመ፣ አባዬም ጡረታ ወጣ። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ መስመር ሲመረቅ ደግሞ ጣቢያው ከከተማው ውጭ ሆነ። አባዬም ሽርጡን አገልድሞ፣ ባቡር እንዳመለጠው መንገደኛ በር ላይ ቁጭ!

መቀመጡስ ባልከፋ። ነገር ግን ጭቅጭቁ... «መብራቱን ማን አበራው? ስኳሩ ለምን ቶሎ አለቀ? ይቺ ልጅ የት አመሸች?» እናቴ ምርር ብሏት፣ ዕድሜ ልኳን ማታ ማታ ብቻ የምታውቀው ሰው ሙሉ ቀን ቤቷ እንደገባ ለጎረቤት ታወራ ጀመር። አንድ ቀን ቤት ስጠርግ «እስቲ ትንሽ ተነሳልኝ» ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እኔ እኮ አሁን የቤት ዕቃ ነኝ። የምታነሱኝ ስትጠርጉ ብቻ ነው።»

መጥረጊያውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

በዚያው ሰሞን አሪዞና የምትኖር የአክስቴ ልጅ ፎቶ ላከችልኝ። አንድ ሽማግሌ ነጭ ኮፍያ አድርገው፣ በትንሽ መኪና እየተዘዋወሩ ጎልፍ ይጫወታሉ። አሜሪካኖች እዚያ ሰን ሲቲ የምትባል የጡረተኞች ከተማ ሠርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ስትከፈት የጎልፍ ሜዳ ነበራት። ቀናሁ፣ አልዋሽም! ግን እኛ ዘንድ በዚህ ሐሩር ያን ሁሉ ሣር ማን ሊያጠጣ? ደቻቱ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። (ሲሞላ ምን እንደሚሠራ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. አይተናል።)

የድሬ ጎልፍ ግን ለካ ከቤታችን ብዙ ሳይርቅ ኖሯል። ከዚራ ዛፎች ሥር፣ ፀሐይ በረድ ሲል፣ የአባዬ የድሮ ጓደኞች ተሰብስበው የብረት ኳስ ይወረውራሉ። ፔታንክ ይሉታል፤ ጅቡቲ በጣም የተለመደ የፈረንሳዮች ጨዋታ ነው፣ ኳሶቹንም አንደኛው ያመጡት ከዚያው ነው። አባዬን «ሂድ እንጂ» ስለው «የልጅ ነገር!» ብሎ ፊቱን አዞረ። እንግዲህ ዘዴ አያልቅም፤ በማግስቱ «ለጋዜጣ ልጽፈው ነው፣ ብቻዬን አፍራለሁ፣ አንተ ውሰደኝ» አልኩት። ሱሪ ለብሶ ወጣ! «ውጣ» ማለትና «ውሰደኝ» ማለት ለየቅል መሆናቸውን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ጨዋታው ቀላል ይመስላል። መሬት ላይ ትንሽ ክብ ይሰመራል፤ ከስድስት እስከ አሥር ሜትር ርቃ ትንሽዬ የእንጨት ኳስ ትወረወራለች። ከዚያ የብረት ኳስህን አስጠግተህ ማሳረፍ፣ ወይም የሌላውን መትተህ ማባረር ነው። ቀድሞ 13 ነጥብ የሞላ ያሸንፋል። መሮጥ የለም፤ እግር ከክቡ ንቅንቅ አይልም። ጨዋታውን የፈጠሩት እኮ ላ ሲዮታ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ፣ ከመቶ ዓመት በፊት፣ ቁርጥማት ይዟቸው እንደ ድሮው ተንደርድረው መወርወር ላቃታቸው ዡል ለኗር ለሚባሉ ሰው ሲባል ነው ይላሉ። ለአባዬ ጉልበት የተሰፋ በሉት!

እኔና አባዬ አንድ ቡድን ሆንን። የመጀመሪያ ኳሴ ከቡና ሻጯ በርጩማ ሥር ገባች። «አቦ! ይቺስ ጅቡቲ ደርሳለች!» አሉ አንዱ፤ ሌሎቹ በኦሮምኛም በሶማልኛም ጨመሩበት። ከዚያ አባዬ ተራው ደረሰ። ጎንበስ አለ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ወረወረ... ቋ! የባላጋራውን ኳስ ፈንግሎ የራሱን እዚያው ተከለው። ስንት ዓመት ያላየሁትን ጥርሱን አየሁት። ኋላማ በአንዲት ጣት ስፋት ጠብ ተነሳ፤ ሁለት ሽማግሌዎች የጫማ ማሰሪያ ፈትተው ተንበርክከው ሲለኩ ብታዩ የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ትሏቸዋላችሁ።

13 ለ 7 ተሸነፍን። በማን? በእኔ!

ሕጉ የተሸነፈ ሻይ ይጋብዛል ነው። ያኔ አባዬን አየሁት፤ እጁ ኪሱ ጋ ሄደና ቀረ። ፊቱም ጠቆረ። ቶሎ ብዬ «ያስሸነፍኩት እኔ፣ የምከፍለውም እኔ!» ብዬ ጮህኩ፤ ሳቁ፣ አለፈ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን መንገድ ላይ ሳያየኝ ተናገረ፦ «ከሰው የቀረሁት ለምን ይመስልሻል? ሲጋብዙኝ ከርመው እኔ መመለስ አቃተኝ። የጡረታ ብር ከቤት አስቤዛ አያልፍም። ሰው ሁሌ እየተጋበዘ እንዴት ይቀመጣል?»

ስንት ዓመት ሙሉ ኩርፊያ፣ እርጅና፣ አመል ስንለው የኖርነው ነገር የሻይ ዋጋ ኖሯል! እናንተም «አባቴ ነጭናጫ ሆነ» ከማለታችሁ በፊት እስቲ ሰው መጋበዝ ይችል እንደሆነ እዩ። ስትሰጡ ግን በሰው ፊት አይሁን፣ «እንካ» ብላችሁም አትስጡ፤ ያ ከባዶ ኪስ ይብሳል። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ሸሚዙን ስተኩስ የደረት ኪሱ ውስጥ አስቀምጣለሁ። እሱ አይጠይቅም፣ እኔም አልናገርም። ሲያሸንፉ ብሩ እዚያው ኪሱ ውስጥ ይመለሳል።

ጭቅጭቁ ጨርሶ ቀረ አልላችሁም፤ ስኳሩን ዛሬም ይቆጥራል። ግን ቅዳሜ ከሰዓት ወንበሩ ባዶ ነው። ባለፈው ሳምንት ጫማዬን አድርጌ ልከተለው ስል በሩ ላይ አስቆመኝ።

«አንቺ ቅሪ» አለኝ፣ «ታስሸንፊኛለሽ።»