የንጉሡ ጠረጴዛና የፓሪሱ አናጢ

የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች ከጥንት ጀምሮ ተሰብስበው በኖሩበት በፓሪስ ከተማ በፎቡር ሴንት አንቷን ሰፈር፤ በ1881 ዓ.ም. ፍራንሷ ሊንክ የተባለ ወጣት አናጢ የራሱን የእንጨት ሥራ ቤት ከፈተ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የተወለደው በቦሂሚያ ሲሆን ወደ ፓሪስ የመጣው በ20 ዓመቱ ነበር።

በዚያ ዘመን ባለጸጎች ለቤታቸው የሚሹት የጥንት ነገሥታትን ዕቃ የሚመስለውን ነበር። ከነዚያ ዕቃዎች ሁሉ እጅግ የታወቀው ለንጉሥ ሉዊ 15ኛ የተሠራው የጽሕፈት ጠረጴዛ ነው። ዣን ፍራንሷ ኦበን በ1760 ጀመረው፤ እርሱም በ1763 ስለ ሞተ ዣን ሀንሪ ሪዝነር በ1769 ፈጸመው፤ የሟቹንም ሚስት አገባ። ጠረጴዛው ዛሬ በቬርሳይ ቤተ መንግሥት ይገኛል። ሁለቱም ሰዎች በትውልድ ጀርመናውያን ነበሩ፤ እንግዲህ የፈረንሳይ ዕቃ የሚባለው ብዙ ጊዜ ከሌላ አገር የመጣ ሰው የእጅ ሥራ መሆኑን ልብ ይሏል።

የዚህ ዓይነቱ ዕቃ አካሉ ከጠንካራ እንጨት ይሠራል፤ በላዩም ልዩ ልዩ ቀለም ያለው ስስ እንጨት በሙጫ ይለጠፋል። አበባውና ቅጠሉ በቀለም የተሣለ አይደለም፤ በቀጭን መጋዝ ተቆርጦ የተገጣጠመ እንጨት ነው። ጥላውን ለማውጣት ቁራጩን በጋለ አሸዋ ውስጥ ጥቂት አቆይተው ጠርዙን ያጠቁሩታል፤ እጁ የዘገየ ሠራተኛ ቁራጩን ያቃጥለዋል።

ከዚህ በኋላ በማዕዘኑና በእግሩ ላይ የነሐስ ጌጥ ይገባል። ነሐሱ ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል፤ ከዚያም በመሮ ይስተካከላል። ወርቅ ለመለበጥ በጥንት ጊዜ ወርቅና ባዜቃ አንድነት ተደባልቀው ይቀቡበት ነበር፤ በእሳት ሲግል ባዜቃው ይተንና ወርቁ ይቀራል። ነገር ግን እንፋሎቱ መርዝ ስለ ሆነ የሠራተኛው እጅ ይንቀጠቀጥ፤ ጥርሱም ይረግፍ ነበር። በ1840ዎቹ ዓመታት በኤሌክትሪክ ኃይል መለበጥ ሲስፋፋ አደጋው እየቀነሰ ሄደ።

በ1900 በፓሪስ ታላቁ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በተከፈተ ጊዜ ሊንክ ሀብቱን ሁሉ ለዚሁ አፈሰሰ። የጥንቱን መገልበጥ ያውቅበት ነበር፤ የንጉሡንም ጠረጴዛ አምሳያ ሠርቷል። በዚህ ጊዜ ግን ከቀራፂው ከሌዎን ሜሳዤ ጋር ሆኖ የሉዊ 15ኛን ዘመን ስልት ከራሱ ዘመን አዲስ ስልት ጋር አዋሐደ። ገዢ ባያገኝ ኖሮ ሥራው ሁሉ በፈረሰ ነበር። ዳሩ ግን ትልቁ የጽሕፈት ጠረጴዛው የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ፤ ደንበኞችም በዙለት። ከብዙ ዓመታት በኋላም የግብጽ ንጉሥ ፉአድ ለእስክንድርያው ለራስ አል ቲን ቤተ መንግሥት ዕቃ እንዲሠራ አዘዘው።

አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ያለውን ዕቃ ግልባጭ ነው ብለው ይንቁታል፤ ፍርዳቸው የቸኮለ ይመስለናል። አታላይ ነጋዴ አዲሱን አሮጌ አስመስሎ ይሸጣል፤ ሊንክ ግን በብዙ ሥራዎቹ ላይ ስሙን በነሐሱ ጌጥ አስቀርጿል። ጌጡም ተፈትቶ ሲገለበጥ፤ የስሙ መጀመሪያ የሆኑት ሁለት ፊደላት ብዙ ጊዜ ከጀርባው ይገኛሉ።