ዓረብ ቤት፦ የትንሽ ከተማ አሮጌ ሱቅ

በዋግ ከሱቅ በፊት ገበያ ነበር። ከአፋር በረሃ የተቆረጠ አሞሌ ጨው በጭነት ከብት ደጋ ሲወጣ ሰቆጣ አንዷ ዋና መናኸሪያው ነበረች። አሞሌው ይበላል፣ እንደ ገንዘብም ይመነዘራል፤ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማሪያ ቴሬዛ ብርም አብሮት ይዘዋወር ነበር። ታዲያ ገበያ ቀኑን ጠብቆ ነው የሚቆመው። በመሀል ጨው ያለቀበት ወይ ከጎረቤት ይበደራል፣ ወይ ይታገሣል።

ዘወትር ክፍት የሆነው ሱቅ ለብዙ የአገራችን ትንንሽ ከተሞች የደረሰው ዘግይቶ ነው። ግንባታው በ1890 ዓ.ም. የተጀመረው የጅቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የባሕር ማዶ ሸቀጥ መንገድ አገኘ። የየመን ነጋዴዎችም ወደየከተማው ዘልቀው ሱቅ ከፈቱ። የሰፈር ሱቅ በብዙ ቦታ «ዓረብ ቤት» ሲባል የኖረው በእነሱ ነው። ኋላ ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ባንኮኒውን የጉራጌ፣ የስልጤና የየአካባቢው ነጋዴዎች ተረከቡት።

የቤቱ አሠራር በየከተማው ይመሳሰላል። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ወይም ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ፊቱን ለመንገዱ ይሰጣል። በረንዳው ላይ ልብስ ሰፊ ሲንጀሩን ዘርግቶ ይሠራል፤ ዝናብ የያዘው ገበያተኛም እዚያው ይጠለላል። ከወፍራሙ የሳንቃ በር ጀርባ ባንኮኒው፣ ሚዛኑና እስከ ጣሪያ የሚደርሰው መደርደሪያ አሉ። ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ አቡጀዴ፣ ሚስማር፣ መርፌና ክር ሁሉም ከአንድ ባንኮኒ ይሸጣሉ። ላምባ ከበርሜል በጠርሙስ እየተለካ ይቀዳል፤ ስኳሩ በጋዜጣ ቁራጭ ይጠቀለላል። ገበሬው ደግሞ ማር፣ ቆዳና እህል ይዞ ይመጣል። እጁ ባዶ ከሆነ ስሙ ዱቤ ደብተር ላይ ይሰፍርና አዝመራ ሲገባ ይከፍላል። ባለሱቁም የማን ማሳ በረዶ እንደመታው፣ የማን ልጅ እንደሚዳር ያውቃልና ዕዳውን እንደ ሰዉ ሁኔታ ያቆየዋል።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ከአሮጌ ሱቆች ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት የሆኑት በዚህ መንገድ ነው። ዝቅተኛው ኪራይ ለተከራዩ እፎይታ ቢሆንም ቆርቆሮ ለማደስና ግድግዳ ለመለሰን የሚበቃ ገንዘብ አላስገኘም። ቤቶቹም በየክረምቱ ይጎዱ ጀመር።

ሰቆጣ የዋግ ሹሞቹ ቤተ መንግሥት አላት፤ በአቅራቢያዋም ከአለት የተፈለፈለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ይገኛል። እነዚህ የሹማምንቱንና የካህናቱን ታሪክ ይነግሩናል። ተራው ሰው ምን ለብሶ፣ በምን መብራት አምሽቶ፣ ማንን አምኖ እንደኖረ የሚነግረን ግን አሮጌው ሱቅ ነው። ስለዚህ ከሰቆጣ እስከ አምደወርቅ ያሉ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች እንዲህ ያለ ቤት ባገኙበት ሁሉ ይለኩት፣ ፎቶ ያንሱት፣ ባለሱቆቹንና የቀድሞ ደንበኞቹን ይጠይቁ። የዱቤ ደብተር የተረፈለት ቤተሰብ ካለም፣ ያ ደብተር ከብራና እኩል ሊጠበቅ የሚገባው መዝገብ ነው።