ጦሳን በአንድ ቀን፦ ከመውጣት በፊት የሚሠራ ስሌት

ደሴ ከተማ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ ቀና ያለ ሰው የጦሳን ተራራ ሳያይ አያልፍም። ቅርብ ነው፤ ቁርስ በልተው ወጥተው ለምሳ የሚመለሱበት ይመስላል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ዓይን የሚለካው አግድም ርቀቱን ሲሆን፣ እግርና ሳንባ ግን ዳገቱን ይቆጥራሉ። በዚህ ጽሑፍ ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ጦሳን በአንድ ቀን ወጥቶ ለመመለስ የሚያስብ ተማሪ አስቀድሞ ሊሠራቸው የሚገቡ ስሌቶችን እንመለከታለን።

ተራራው ለምን ደረጃ ደረጃ ሆነ?

የወሎ ደጋ በአብዛኛው የተገነባው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ተደጋግሞ ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው። ከዚያ በኋላ ስምጥ ሸለቆው ሲከፈት ምሥራቃዊው ክፍል ዝቅ አለ። ደሴ የምትገኘው በዚህ ስብራት ጠርዝ ላይ ነው። ቦርከና ወንዝ በኮምቦልቻ በኩል ወደ አዋሽ ሲወርድ፣ ከደጋው ማዶ ያሉት ወንዞች ደግሞ በበሽሎ አድርገው ወደ ዓባይ ያመራሉ። ከተነባበረው ዓለት ጠንካራው ንብር ገደል ሲሆን፣ ልሙ እየተሸረሸረ መደብ ይሠራል። እንደ መቅደላ ያሉ አምባዎች አናታቸው ጠፍጣፋ የሆነውም ጠንካራው ንብር እንደ ክዳን ስለሚጠብቃቸው ነው። ለተጓዥ የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ከታች ሆነን «ጫፉ ያ ነው» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ ደረጃ ጠርዝ እንጂ የመጨረሻው አይደለም።

የሰዓቱ ስሌት

ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሕግ እስካሁን ያገለግላል። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይያዛል። ለምሳሌ መንገዳችን 6 ኪሎ ሜትር፣ ሽቅቡም ከ2,500 ወደ 3,000 ሜትር ቢሆን፣ 72 ደቂቃ ለርቀቱ፣ 50 ደቂቃ ለዳገቱ፣ በድምሩ ሁለት ሰዓት ያህል ይሆናል። ይህ ያለ ዕረፍት ለሚሄድ ብርቱ ሰው ነው። ለተማሪዎች ቡድን ግማሹን ጨምረን ሦስት ሰዓት እንያዝ። ጠዋት 1 ሰዓት ከደሴ የተነሣ ቡድን 4 ሰዓት ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ከኮምቦልቻ የሚመጡት 25 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የመኪና መንገድ በዚህ ላይ ማሰብ አለባቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመመለሻ ሰዓት ነው። ጫፍ ተደረሰም አልተደረሰም 6 ሰዓት ሲሆን ፊታችንን እንመልሳለን ብለን ከቤት ሳንወጣ እንወስን። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ በእኛ ኬክሮስ ደግሞ ድንግዝግዙ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ነው። ዳገት ላይ የዛለ ጉልበት ቁልቁለት ላይ ይከዳል፤ ጨለማ ሲጨመርበት ደግሞ ገደሉ አይታይም።

ጉልበት፣ ስንቅና ውኃ

60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተማሪ 5 ኪሎ ግራም ተሸክሞ 500 ሜትር ሲወጣ በስበት ላይ የሚሠራው ሥራ 65 × 9.8 × 500፣ ማለትም 318,500 ጁል ያህል ነው። ጡንቻ ግን ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው አንድ አምስተኛውን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሰውነት 1,600 ኪሎ ጁል ገደማ ያወጣል። ይህ ከ100 ግራም የገብስ ቆሎ ከሚገኘው ኃይል ጋር ይቀራረባል። ቀሪው ወደ 1,270 ኪሎ ጁል ሙቀት ሆኖ መውጣት አለበት። አንድ ሊትር ላብ ሲተን 2,400 ኪሎ ጁል ያህል ስለሚወስድ፣ ለሽቅቡ ብቻ ግማሽ ሊትር ላብ ያስፈልጋል። የአግድሙ ጉዞ፣ ፀሐዩና ደረቁ አየር ሲታከሉ ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውኃ መያዝ አይበዛም። ለስንቅ ቆሎ፣ ዳቦና በሶ ተስማሚ ናቸው።

የምንጭ ውኃ ሳይፈላ አይጠጣ። በ3,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ ሙሉ እንዲንተከተክ ይመከራል።

አየሩና ሰማዩ

በ3,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ያህል ነው። በተለይ 1,850 ሜትር ገደማ ከምትገኘው ኮምቦልቻ የመጣ ሰው ቶሎ ቢያለከልክ አይደንቅም፤ እርምጃውን ያዝግም። ራስ ምታትና ማስመለስ ከመጣ መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ የታመመውም ብቻውን አይላክ። ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ ከኮምቦልቻ ጋር ሲነጻጸር ከ7 ዲግሪ በላይ ልዩነት ይጠብቀናል። አልትራቫዮሌት ጨረር ግን በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራልና ጋቢና ባርኔጣ አብረው ይያዙ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ የተሻለ ነው፤ በበልግና በክረምት ከሰዓት በኋላ መብረቅ ያሰጋል።

በመጨረሻም የአካባቢው ጸጥታ ለጉዞ የሚፈቅድ መሆኑን ከቀበሌው አስቀድመን እንጠይቅ፤ መንገዱን የሚያውቅ የአገሩን ሰውም እንያዝ። በ2014 ዓ.ም. በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ ውጊያ ስለ ነበረ፣ ወድቆ የተገኘ እንግዳ ብረት ፈጽሞ አይነካም። የምንሄድበትንና የምንመለስበትን ሰዓት ለቤተሰብ ነግረን እንውጣ። ጦሳ ነገም በቦታው አለ፤ ከመንገድ የተመለሰ ተማሪ ሌላ ቀን ይወጣዋል።