ሲጋራን በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መቀየር ማቆም ነው ወይ?

የዛሬውን ርዕስ የመረጥኩት በአጎቴ ምክንያት ነው።

አጎቴ ከሶፊ ሐረር እየተመላለሰ ባጃጅ ይነዳል። ብዙ ዓመት ስላጨሰ ሌሊት ሌሊት ሳል አያስተኛውም። ባለፈው ወር ጓደኛው እስክሪብቶ የሚመስል ባትሪ ያለው ነገር ሰጠው። «በቃ ሲጋራ ተውኩ፣ ይሄ እንፋሎት ብቻ ነው» አለን። እናቴ ደስ አላት። እኔ ግን እውነት መሆኑን ለማወቅ የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅኩ፣ አነበብኩም።

ሲጋራ ሲቃጠል ብዙ መርዝ ይወጣል። ታር ሳንባ ላይ ይለጠፋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ኒኮቲን ደግሞ ሱስ ያስይዛል። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ግን ትምባሆ አያቃጥልም፤ ባትሪው ፈሳሽ ያሞቅና ሰውየው እንፋሎቱን ይስባል። ስለዚህ ሲጋራን ጨርሶ ትቶ ወደዚህ የዞረ ሰው የሚስበው መርዝ ይቀንሳል። ይሄ እውነት ነው።

ነገር ግን ሦስት ችግር አለ። አንደኛ፣ አብዛኛው ፈሳሽ ኒኮቲን ስላለው ሱሱ አይለቅም። ሁለተኛ፣ እንፋሎቱ ውሃ ብቻ አይደለም፤ ሳንባን የሚጎዱ ኬሚካሎች አሉት። ሦስተኛ፣ ብዙ ሰው ሁለቱንም ያጨሳል፤ እንደዚያ ከሆነ ጥቅም የለውም። አጎቴንም ቀን እንፋሎቱን፣ ማታ ሲጋራውን ሲያጨስ አየሁት። ለእኛ ለልጆች ደግሞ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ኒኮቲን በማደግ ላይ ያለ አእምሮን ይጎዳል።

በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም ትምባሆ መሸጥ ክልክል ነው።

ጨርሶ ያቆመ ሰው የሚያገኘው ጥቅም ይሄ ነው፦
• በ20 ደቂቃ የልብ ምቱ ይቀንሳል።
• በ12 ሰዓት ደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ጤነኛው መጠን ይወርዳል።
• ከ1 እስከ 9 ወር ሳሉና የትንፋሽ ማጠሩ ይቀንሳል።
• በ1 ዓመት በልብ በሽታ የመያዝ አደጋው ከሚያጨስ ሰው በግማሽ ያንሳል።

ይህን ለአጎቴ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ቆየና «20 ደቂቃ ብቻ?» አለኝ። ሁለቱንም ከተወ ዛሬ 4ኛ ቀኑ ነው። ይነጫነጫል፣ ግን አልጀመረም።

ውድ አንባቢዎች! ቤታችሁ የሚያጨስ ሰው ካለ አትቆጡት፣ አታሳፍሩት። ይህን አንብቡለትና ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ምክር እንዲጠይቅ ንገሩት።