የላቫጆው ስፕሬይና የተላጠው ካርቦኔ

ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ የቪትዜን የማርሽ ዙሪያ ካርቦን ስቲከር አለበስኩት። ቅዳሜ ከሰዓት ለጠፍኩ፣ እሁድ ለዘመድ አሳየሁ፣ ማክሰኞ ፀሐይ ላይ አቁሜያት ስመለስ ጥጎቹ እንደ ድርቆሽ ተጠቅልለው ጠበቁኝ። በሳምንቱ ግማሹ በእጄ ተላጠ። ሶማሌ ተራ ሄጄ ሻጩን ልጨቀጭቀው አስቤ ነበር፤ ደግነቱ አልሄድኩም። ግንቦት ላይ እንደገና ሠራሁት፣ ይኸው እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላለም። "እንዴት አደረግከው?" ያላችሁኝ ስለበዛችሁ እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ የጥፋቴን ነገር። መኪናዬ በየሳምንቱ ላቫጆ ትገባለች። ልጆቹ አጥበው ሲጨርሱ ዳሽቦርዱ ላይ ማብረቂያ ስፕሬይ ይነፉላታል፤ ሽታውም ብልጭታውም ደስ ይላል። ታዲያ ብዙዎቹ ማብረቂያዎች ሲሊኮን አለባቸው። የስቲከር ሙጫ እንደ ማስቲሽ ደርቆ አይደለም የሚይዘው፤ ተጭኖ ከፕላስቲኩ ጋር ገላ ለገላ ሲገናኝ ነው። መሃል ላይ ለዓይን የማይታይ ቅባት ካለ ሙጫው የሚይዘው ቅባቱን ነው። እኔ ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ወልወል አድርጌ "ጸዳ" ብዬ ነበር የለጠፍኩት።

በሁለተኛው ዙር ለማጽዳት ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀሁ። ለብ ባለ ውሃና ላርጎ፣ የጥጉን እድፍ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ። ሲደርቅ ከፋርማሲ በገዛሁት 70% አልኮል፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ ደጋገምኩት። ቲነርና ቤንዚን እንዳትሞክሩ፣ ፕላስቲኩን ይበሉታል። ጭረት ካለም ስቲከሩ ይሸፍንልኛል ብላችሁ አትጠብቁ፤ የሚያብለጨልጭ ከሆነማ ጭራሽ ያጎላዋል። እኔ ጭረቱን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ እንደገና በአልኮል ጠረግሁት።

ስቲከር ስትገዙ ዓይነቱን ጠይቁ። ርካሹ ካሌንደርድ የሚባለው ነው፤ ፒቪሲው በጋሉ ሮለሮች መሃል እየተዳመጠ ይወጣል። በመዳመጫ የዘረጋችሁትን ሊጥ አስቡት፣ ስትለቁት መሰብሰብ ይፈልጋል። ይሄም ፀሐይ ሲያገኘው ይሰበሰባል። ካስት የሚባለው ግን እንደ እንጀራ ነው፤ ፈሳሽ ሆኖ ይፈስሳል፣ በዚያው ይጋገራል፣ ማንም ስላልጎተተው የሚመለስበት የለውም። ውፍረቱም 50 ማይክሮን አካባቢ ስለሆነ ኩርባ ላይ ይታዘዛል። ዋጋው ይለያያል፤ ለቪትዝ ግን 1.52 ሜትር ስፋት ካለው ጥቅል ግማሽ ሜትር ቢቆረጥላችሁ ይተርፋል። ከጀርባው ሙጫው ላይ የአየር መውጫ መስመሮች ያሉት ከሆነ እሱን ውሰዱ።

ለሞዴሉ ተቆርጦ የተዘጋጀም አለ። የኔዋ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ናት፤ ለጃፓኑ ዳሽቦርድ የተቆረጠው ለሷ ግራና ቀኙ ተገላብጦ ነው የሚመጣላት። መሪ የዞረበት መኪና ያላችሁ ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ ራሳችሁ ቁረጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ኤስ አር ኤስ ኤርባግ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ክዳን አትሸፍኑት። ኤርባጉ ሲፈነዳ ክዳኑ በተበጀለት መስመር ተቀዶ መከፈት አለበት፤ ላዩ ላይ የተለጠፈ ነገር ሊያውከው ይችላል። ኤርባግ አካባቢ የምትፈቱት ካለ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉና ቢያንስ 90 ሰከንድ ቆዩ፣ የቶዮታ የጥገና መመሪያ የሚለው እንዲህ ነው።

መኪናው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ከመለጠፍ ክፍሉን ፈትቶ ቤት ማስገባት ይሻላል። ካቻቢቴ ከሆነ የያዛችሁት ጫፉን በጨርቅ ጠቅልሉት። ክሊፖቹ በብርድ ይሰበራሉ፤ እኔ በጠዋት ተቻኩዬ ሁለት ሰበርኩ። ፀሐይ ትንሽ ያሙቃቸው። ሳሎን ገብቼ አቧራው እንዲተኛ ወለሉ ላይ ውሃ ረጨሁ፣ መስኮት ዘጋሁ፣ የምግብ ጠረጴዛውን ወረስኩ። ባለቤቴ ምን እንዳለች አልጽፍም።

ስቲከሩን በየአቅጣጫው ሦስት ሴንቲ ያህል አስተርፋችሁ ቁረጡ። የጀርባውን ወረቀት በአንዴ አትላጡት፤ ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር፣ ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ ካልሲ አልብሳችሁ እየገፋችሁ። ጠፍጣፋው ቦታ እዚህ ግባ የሚባል ሥራ የለውም።

መከራው ኩርባው ላይ ነው። ጥግ ስትደርሱ እጃችሁ ሳታውቁት ይጎትታል። ሲጎተት ቆንጆ ሆኖ ይተኛል፣ ትደሰታላችሁ፣ እሱ ግን ቂም ይዟል፤ መኪናው ሲግል ወደ ነበረበት ይመለሳል። የመጀመሪያው ላይ ሲሊኮኑን የረዳው ይሄ መጎተት ነበር። አሁን የማደርገው፦ ስቲከሩ ከተሸበሸበ አነሳዋለሁ፣ በፀጉር ማድረቂያ ፎን ሳሞቀው ራሱ ይስተካከላል፣ ትንሽ በረድ ሲል በአውራ ጣቴ አስተኛዋለሁ። ጥጉ ላይ የሚተርፈውን ከጀርባ በኩል በሰያፍ እቀደዋለሁ፣ አንድ ሴንቲ ያህሉን ወደ ውስጥ አጥፌ እጫነዋለሁ። ምላጩ አዲስ ይሁን፤ ፊቱ ላይ ግን በጭራሽ አትቁረጡ።

በመጨረሻም የተለጠጠውን ቦታ ሁሉ እንደገና ማሞቅ ነው። ባለሙያዎቹ በሂት ጋን ከ90 ዲግሪ በላይ ያደርሱታል፤ ያኔ ስቲከሩ የድሮ ቅርጹን ይተዋል። የቤት ፎን እዚያ ለመድረስ ይቸገራል፣ ስለዚህ መድኃኒቱ መጀመሪያውኑ አለመለጠጥ ነው። እኔማ ልክ የማርሹ ጥግ ላይ ስደርስ መብራት ሄደብኝ። ትኩስ ሻይ የሞላ ብርጭቆ ጥጉ ላይ ደገፍ አድርጌ ጨረስኩት፤ ከሁሉም የሚያምረው ጥግ እሱ ነው፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ሙጫው ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ከአንድ ቀን በኋላ ነው፣ ክፍሉን በማግስቱ መልሱት። ቀለም ስትመርጡ ደግሞ ወደ መስታወቱ ለሚቀርበው ማት ይሁን፤ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ቀትር ላይ የፊት መስታወቱ ውስጥ እየታየ ዓይን ይወጋል።

አሁን ላቫጆ ስገባ "ውስጡን ስፕሬይ አትንፉ" እላለሁ። አንዱ ልጅ ባለፈው ገርሞት አየኝና "እንዴ ጋሼ፣ በነፃ እኮ ነው!" አለኝ።