«ጫጫታ» ብለን የተውነውን አልበም እንደገና ስንሰማው

አንድ ሰው በሙሉ ልቡ የሚወደውን ሙዚቃ አሰምቷችሁ፣ እናንተ ግን ከጩኸት በቀር አንዳች ነገር ያላገኛችሁበት ጊዜ ሳይኖር አይቀርም። በእኛ ላይ ይህ የደረሰው በተማሪነት ዘመናችን፣ በመኝታ ክፍላችን ውስጥ ነበር። አብሮን ይኖር የነበረ የሒሳብ ተማሪ፣ ከሰው ሲዲ በገለበጠው ቅጂ «ቱል» የተባለውን የአሜሪካ ባንድ «ላተራለስ» የተሰኘ አልበም ያሰማን ነበር። ፕሮግረሲቭ ሜታል ይባላል። ጊታሩ ከባድ፣ ዘፈኑ ረጅም፣ ምቱም ለእግር የማይመች ነው። ወዳጃችን ግን ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ይቆጥራል፤ «በውስጡ የፊቦናቺ ቁጥሮች አሉበት» ይለናል።

እኛስ ምን አደረግን? ሁለት ዘፈን ሰምተን ተነሣን። በዚያው ሳምንት ለክበባችን የግድግዳ ጋዜጣ አንዲት አጭር ጽሑፍ ጻፍን፤ ፍሬ ሐሳቧም «ጫጫታ ቁጥር ስለተለጠፈበት ሙዚቃ አይሆንም» የሚል ነበር። ጽሑፏ ተነበበች፣ ተሣቀባትም። ወዳጃችን አልመለሰልንም፤ ሲዲውን ግን ከዚያ በኋላ በክፍሉ ውስጥ አላጫወተም። ይህ ነገር ለረጅም ጊዜ ሲከነክነን ኖሯል። የከነከነን ሙዚቃውን አለመውደዳችን አይደለም። ሰባ ዘጠኝ ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሰከንዶች ከቀሩት ሥራ ውስጥ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ሰምተን ድምዳሜ መስጠታችን ነው። በቤተ ሙከራ ውስጥ እንዲህ ያደረገ ተማሪ ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቀዋል።

በቅርቡ ጉዳዩን እንደገና ለማየት ወሰንን። በቅድሚያ ስለ አልበሙ ጥቂት እንበል። ቱል እ.ኤ.አ. በ1990 በሎስ አንጀለስ የተመሠረተ ባንድ ሲሆን፣ «ላተራለስ» የወጣው በግንቦት ወር 2001 ነው። በወጣበት ሳምንት ከግማሽ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጦ የአሜሪካን የአልበሞች ሰንጠረዥ በአንደኝነት መርቷል። «ስኪዝም» የተሰኘው ዘፈን ደግሞ በ2002 በሜታል ዘርፍ የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። ዛሬ የዚህ ዓይነት ሙዚቃ አፍቃሪዎች ከሚያመልኩባቸው ጥቂት አልበሞች አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁንና በወጣበት ዓመት «ፒችፎርክ» የተባለው የሙዚቃ ሒስ ድረ ገጽ ከ10 ነጥብ 1.9 ብቻ ነበር የሰጠው፤ በስህተታችን ብቻችንን አልነበርንም ማለት ነው። የአልበሙ ስም ከጭናችን ጡንቻዎች አንዱ ከሆነው ከ«ቫስተስ ላተራሊስ» ጋር ይዛመዳል። አሌክስ ግሬይ የተባለው ሠዓሊ ያዘጋጀው ሽፋንም በሚያሳዩ ስስ ገጾች የተሠራ ነው፤ ገጾቹ በተገለጡ ቁጥር የሰው ገላ ንብርብር በንብርብር ይታያል። በእኛ ቅጂ ላይ ግን በእስክሪብቶ ከተጻፈ ስም በቀር ምንም አልነበረም።

ለማድመጥ ያወጣነው ሥርዓት ቀላል ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ስድስት ጊዜ፣ ማታ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ሌላ ሥራ ሳንሠራ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማድመጥ። ከእያንዳንዱ ዘፈን በኋላ በደብተር ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ። ቀደም ሲል የጻፍነውንም መልሶ አለማየት።

የመጀመሪያው ሌሊት ውጤት አሳፋሪ ነበር፤ ከድሮው አስተያየታችን እምብዛም አልራቅንም። «ስኪዝም»ን ስንሰማ የጻፍነው «እግሬ ይሰናከላል» የሚል ብቻ ነው። ሁለተኛውም ሌሊት ከዚህ አልተሻለም። ነገር ግን ይህች «እግሬ ይሰናከላል» የምትል ዓረፍተ ነገር፣ ኋላ እንደተረዳነው፣ ከሁሉ የበለጠች ምልከታችን ነበረች።

እግር ለምን ይሰናከላል?

ሙዚቃ ስንሰማ አእምሯችን ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ቀጣዩ ምት የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ይተነብያል። ትንበያውን የሚሠራው ከልጅነት ጀምሮ በለመደው ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኤሪን ሃነን እና ሳንድራ ትሬሃብ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን የሚያሳይ ግሩም ጥናት አሳትመዋል። እኩል በሚከፈል ምት ብቻ ያደጉ የሰሜን አሜሪካ አዋቂዎች፣ በባልካን አገሮች በሚዘወተረው እኩል በማይከፈል ምት ውስጥ የገባን ስህተት መለየት ተሳናቸው። የቡልጋሪያና የመቄዶንያ ተወላጆች ግን በሁለቱም ዓይነት ለዩ። የስድስት ወር ሕፃናትስ? የሰሜን አሜሪካ ሕፃናት ሆነው ሳለ በሁለቱም ለዩ! ጆሯችን ሲወለድ ክፍት ነው፤ የሚያጠበው ልማድ ነው ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ በሌላ ጥናታቸው የአሥራ ሁለት ወር ሕፃናትን ለአጭር ጊዜ በቤታቸው ባዕድ ሙዚቃ አስደመጧቸው፤ የጠበበው ጆሮ መልሶ ተከፈተ። አዋቂዎች ላይ ግን ተመሳሳይ ልምምድ ያመጣው ለውጥ ከፊል ብቻ ነበር።

ይህ ለእኛ በዕድሜ ለገፋነው የሚያጽናና ዜና አይደለም። ታዲያ አዋቂ ሰው ሕፃን ያለ ድካም የሚያገኘውን በምን ያካክሳል? እኛ መልሱን በመቁጠር ለመፈለግ ሞከርን፤ ወዳጃችን በጣቱ ያደርግ የነበረው ይህንኑ ነበር።

የ«ስኪዝም» ዋና ሐረግ 5 ፈጣን ምቶችን፣ ቀጥሎም 7 ምቶችን ይዞ ይመላለሳል። በርዕሰ አልበሙ ዘፈን አዝማች ላይ ደግሞ አንዱ ዙር 9፣ ሁለተኛው 8፣ ሦስተኛው 7 ምት አለው። የእኛ የአገራችን ሰዎች እግር የለመደው በአብዛኛው ችክችካን ነው፤ ይኸውም በ6 ፈጣን ምት የሚዞረው ነው። እንግዲህ ሙዚቃው 9፣ 8፣ 7 እያለ ሲሄድ፣ እግራችንን በስድስት በስድስት ማስኬድ ብንቀጥልስ? አንባቢ ወረቀት ይያዝ። የዘፈኑ ዙሮች የሚዘጉት በ9ኛው፣ በ17ኛውና በ24ኛው ምት ላይ ነው። የእግራችን ዙሮች ደግሞ በ6ኛው፣ በ12ኛው፣ በ18ኛውና በ24ኛው ይዘጋሉ። መንገድ ላይ ይተላለፋሉ፣ ይጋፋሉ፤ 24 ላይ ግን በአንድነት ይዘጋሉ። በ«ስኪዝም»ም እንዲሁ ነው፤ 5 ሲደመር 7 ዐሥራ ሁለት ይሆናል፣ ዐሥራ ሁለት ደግሞ የችክችካ ሁለት ዙር ነው።

ይህን በሦስተኛው ሌሊት በወረቀት ላይ አገኘነው፤ በአራተኛው ሌሊት በእግራችን አገኘነው። ልዩነቱን ለመግለጽ ቃል ያጥረናል። እስከዚያ ድረስ የተሰበረ ደረጃ መስሎን የነበረው ነገር፣ ሆን ተብሎ ከቤት አርቆ ወስዶ በሰዓቱ የሚመልስ መንገድ ሆኖ ተገኘ። የሞንትሪያሉ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ የምንወደውን ሙዚቃ ስንሰማ «ዶፓሚን» የተባለው ንጥረ ነገር በአእምሯችን ውስጥ የሚለቀቀው ደስታው ጫፍ ሲደርስ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ስንጠብቀውም ጭምር ነው። 24ኛውን ምት የማያውቅ ሰው ምኑን ይጠብቃል?

የቁጥሩ ነገር

አሁን ወዳጃችን ወደሚመካበት ወደ ፊቦናቺ እንምጣ። ተማሪዎች እንደምታውቁት በዚህ ዝርዝር እያንዳንዱ ቁጥር የቀደሙት ሁለቱ ድምር ነው፦ 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13 እያለ ይቀጥላል። በርዕሰ አልበሙ ዘፈን ውስጥ ድምፃዊው የሚያወጣቸው ቀለማት በአጫጭር ስንኞች 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8 እያሉ ይወጡና በ5 እና በ3 ይወርዳሉ፤ ቆየት ብሎም 13 ደርሰው በ8፣ በ5፣ በ3 ይመለሳሉ። ይህ በጆሮ ተቆጥሮ የሚረጋገጥ ሐቅ ነው፤ እኛም ቆጥረናል።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ነገር ሳናነሣ አናልፍም። ዝርዝሩ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1202 «ሊበር አባቺ» የተባለውን መጽሐፍ ከጻፈው ከፒዛው ሊዮናርዶ ነው። ነገር ግን ከእርሱ አስቀድመው የሕንድ ሊቃውንት፣ ከእነርሱም በዐሥራ ሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ሄማቻንድራ፣ ይህንኑ ዝርዝር አግኝተውታል። ያገኙትም በጥንቸል እርባታ ሳይሆን የግጥም ቀለም ሲቆጥሩ ነው! አጭር ቀለም 1 ጊዜ፣ ረጅም ቀለም 2 ጊዜ ይፈጃል ብንል፣ 4 ጊዜ የሚፈጅ ስንኝ በ5 ዓይነት መንገድ ይሞላል፤ 5 ጊዜ የሚፈጀው በ8፣ 6 ጊዜ የሚፈጀው በ13። ስለዚህ ቱል ቁጥሩን ወደ ቀለም ባስገባ ጊዜ እንግዳ ነገር አላደረገም፤ ወደ ተወለደበት ቤት መለሰው እንጂ። እኛም በአማርኛ ትምህርታችን ሰንጎ መገንን 5 በ5፣ የወል ቤትን 6 በ6 እያልን ቀለም ስንቆጥር ያደግን ነን። እኩል ለእኩል የለመደ ጆሯችን ከስንኝ ወደ ስንኝ የሚያድግ ቤት ሲሰማ መደንገጡ አይገርምም።

ታዲያ የግድግዳ ጋዜጣዋ ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ ስህተት ነበረችን? አልነበረችም። አፍቃሪዎች ከዚህ አልፈው ብዙ ይላሉ። ለምሳሌ ድምፃዊው መዝፈን የሚጀምረው በ1 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ላይ ስለሆነ፣ ይህም 1.617 ደቂቃ ገደማ ስለሚሆን፣ ወርቃማው ምጥጥን ሆን ተብሎ ገብቷል ይላሉ። በአንድ ዘፈን ውስጥ ሊለኩ የሚችሉ ነገሮች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ደቂቃን በ60 ማካፈልም የሰው ስምምነት ነው። ብዙ የለካ ሰው የፈለገውን አያጣም። የባንዱ አባላት ራሳቸው እንደተናገሩት ዘፈኑ በመጀመሪያ የሚጠራው በምቶቹ ልክ «9-8-7» ተብሎ ነበር፤ 987 ዐሥራ ስድስተኛው የፊቦናቺ ቁጥር መሆኑን ያዩት ከዚያ በኋላ ነው። ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው፣ ግን ግጥምጥሞሽ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ከወዳጃችን ጋር ዛሬም አንስማማም።

ወደድነው ወይስ ለመድነው?

አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። ሮበርት ዛየንስ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳሳየው፣ ሰው ትርጉም የሌለውን ቃል እንኳ ደጋግሞ ካየው ይወደዋል። እንግዲያው ስድስት ጊዜ ስለሰማነው ብቻ ተታልለን ቢሆንስ? ይህን በመፍራት ከመጀመሪያው አንድ ጥንቃቄ አድርገን ነበር። በዚያው ዘመን ያልወደድነውን ሌላ የሜታል ሲዲ በእነዚያው ሦስት ሳምንታት እኩል ስድስት ጊዜ ሰማን። ያንን ስድስተኛው ሌሊት ላይ ከመጀመሪያው ይልቅ ጠላነው፤ ገና ሳይጀምር ምን እንደሚል አውቀነዋልና።

አንድ ሰው የሚሠራው ሙከራ ሙከራ ሊባል እንደማይችል እናውቃለን፤ አድማጩም መዝጋቢውም እኛው ነን። ሆኖም በእንግሊዝ አገር በሊድስ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ተማሪዎች የሁለት ሠዓሊዎችን ሥራዎች ደጋግመው እንዲያዩ ተደረገ። የተከበረው የጆን ኤቨረት ሚሌ ሥዕሎች በድግግሞሽ አልተጎዱም። በሐያስያን ዘንድ የማይከበሩት የቶማስ ኪንኬድ ሥዕሎች ግን በታዩ ቁጥር ተጠሉ። ድግግሞሽ ያስለምዳል፤ ደግሞም ያጋልጣል።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ደብተራችንን ስንገልጥ ያገኘነው እንዲህ ነው። ርዕሰ አልበሙና «ስኪዝም» ሙሉ በሙሉ ማርከውናል። «ዲስፖዚሽን»፣ «ሪፍሌክሽን» እና «ትራያድ» የተባሉት ተያያዥ ዘፈኖች በመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ አምጥተውብን ነበር፤ በአምስተኛው ግን ከመሐላቸው መነሣት አልቻልንም። በ«ቲክስ ኤንድ ሊችስ» ውስጥ ያለው ጩኸት ግን ዛሬም ጩኸት ነው። ወደ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ከተደወለ ስልክ በተወሰደ ድምፅ ላይ የተሠራው ዐሥራ ሦስተኛውና የመጨረሻው ሥራ በስድስተኛውም ጊዜ ትርጉም አልሰጠንም፤ ያለ እርሱ አልበሙ ይሻል ነበር ባዮች ነን።

ወዳጃችን ዛሬ የሚኖረው በውጭ አገር ነው። የደብተሩን ገጾች ፎቶ አንሥተን ላክንለት፤ ከዚያች ከግድግዳ ጋዜጣ ጽሑፍ የተነሣ ይቅርታ ለመጠየቅም ሁለት መስመር ጨመርንበት። መልሱ የመጣው በማግስቱ ነው። ስለ ጽሑፏ አንዳች አላነሣም። የ24ቱን ሒሳብ ግን አርሞ ልኮልናል። «ስድስቱን ሦስት ከሦስት አድርገህ ብትከፍለው 9 ላይም መንገድ ላይ ትገናኛላችሁ፤ ደግመህ ስማ» ይላል።

ዛሬ ማታ ለሰባተኛ ጊዜ እንሰማዋለን።